ሞጣ ላይ የሞትኩበት ቅዳሜ

ነገሩ በጠቅላላው ሰባት ሺህ ሦስት መቶ ብር አስወጥቶኛል። ይህ የአዳራሽ ኪራይ፣ የመጋረጃ አቡጀዲ፣ የጄኔሬተር ቤንዚን፣ የቅጥቅጥ መኪና ኮንትራትና የልጆቹ ምሳ ነው። ስሜን አልጨመርኩበትም፤ ስም በኪሎ ስለማይመዘን ዋጋውን ላውቀው አልቻልኩም።

የዚያን ጊዜ ቢቸና ላይ ያለው ሱቄ ሜሞሪ ይጭን ነበር። ከዚያ በፊት የምነግደው ጤፍ ነው። ከጤፍ ወደ ስልክ የዞርኩት ዘመናዊ ሰው ስለሆንኩ ሳይሆን ዘፈን አይጥ ስለማይበላው ነው። ገበሬው በገበያ ቀን እህሉን ሸጦ ሲመለስ ብቅ ይላል፣ ሦስት ሲም የሚጎርስ የቻይና ስልኩን ይፈታታል፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ካርድ ያቀብለኛል።

«ሙላልኝ።»

«ምን ልሙላልህ?»

«እስከ አፏ።»

ለጆንያም ለሜሞሪም የሚሰጠው ትእዛዝ ያው ነው። እኔም መዝሙሩን ከዘፈኑ፣ ዘፈኑን ከቀልዱ ደባልቄ እሞላና አምስት ብሬን እቀበላለሁ። ችግሬ ዕቃዬ ከማንም ዕቃ የማይለይ መሆኑ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣ ድራማ በሦስተኛው ቀን ጎረቤቴም፣ የጎረቤቴ ጎረቤትም ዘንድ አለ። ጤፍ ቢሆን የእኔ ማኛ ነው ብዬ እከራከራለሁ፤ ድራማ ግን ማኛና ሰርገኛ የለውም። ሌላው ሱቅ የሌለው ነገር ያስፈልገኝ ነበር።

ልጆቹ የመጡት ይህን ሳስብ በሰነበትኩበት ሰሞን ነው። አምስት ሆነው ሱቄ በር ላይ ተኮለኮሉ። ሽማግሌ ሆነው እንደተላኩ ሰዎች አንዱ ሌላውን ያያል እንጂ የሚናገር የለም። በመጨረሻ አፏን የከፈተችው ልጅቷ ናት፤ ጽሑፉን የጻፈችውም፣ ሌሎቹን የምታዘውም እሷ መሆኗን በኋላ ተረዳሁ።

«ጋሼ፣ ቲያትር ልንሠራ ነው።»

«በስልክ?»

«በመድረክ።»

«ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሊያይ? ካልጣመው ማሳለፍ ይችላል?»

«አይችልም። መውጣት ነው የሚችለው።»

«ሲወጣ ብሩን ትመልሱለታላችሁ?»

«አንመልስም።»

ይቺን ወደድኳት። ከዚህ የተሻለ ንግድ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ግቡና ተቀመጡ አልኳቸው።

የልጅቷ አባት ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ደብር ቅኔ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው፤ የተማረውም ያልተማረውም የኔታ ነው የሚላቸው። ልጅቷ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ፣ ባሕር ዳር ቲያትር ለመማር ተፈትና አልፋለች። የኔታ ደግሞ ደብረ ማርቆስ ወርዳ ነርስነት እንድትማር ነገሩን ጨርሰውታል። ለምና፣ አልቅሳ፣ ሁለት ቀን እህል አልቀምስም ብላ ያገኘችው አንዲት ነገር ብቻ ናት። የኔታ እንዲህ አሏት፤ «ቢቸና ላይ የሚያጨበጭብልሽ ዘመድሽ ነው። ሞጣ ሂጂ። አንቺን የማያውቅ፣ እኔን የማያፍር ሕዝብ ፊት ልይሽ። የማያውቅሽ ሰው ቁጭ ብሎ ካዳመጠሽ ባሕር ዳር ትሄጃለሽ። ካላዳመጠሽ መርፌ መውጋት ትማሪያለሽ።»

ስለዚህ ቲያትሩ የሚታየው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ ቢቸና ለልምምድ፣ አንዴ ሞጣ ለፍርድ። እኔ ወጪውን ልችል፣ ከበር ገቢው መጀመሪያ ወጪዬን ላነሳ፣ የተረፈውን እኩል ልንካፈል ተስማማን። ልጅቷ ጽሑፉን ያንብቡት ብላ ብትሰጠኝ የመጀመሪያውን ገጽ አየሁና መለስኩላት። የጤፍ ናሙና የሚታየው ከጆንያው አፍ ነው፤ አፉ ንጹሕ ነበር። ከዚያ ረጅሙ ልጅ፣ ዋናውን ሰው የሚጫወተው፣ ኮት እንዳውሰው ጠየቀኝ። ገበያ ቀን የማደርጋትን ቡኒዋን ሰጠሁት። ስንት ኮት ባለበት ከተማ የእኔን ለምን እንደፈለገ አልጠየቅሁትም። በነጋዴነት ዘመኔ ሳልጠይቅ ካለፍኳቸው ጥያቄዎች ሁሉ ውዷ ይቺ ናት።

ቢቸና ላይ የታየ ዕለት አዳራሹ መቶ ሰባ አምስት ሰው ገባበት። እኔ ከመድረኩ ፊት ለፊት ተቀምጬ ስልኬን የፕላስቲክ ወንበር መደገፊያ ላይ በላስቲክ አሰርኩ።

«ይሄ ምንድን ነው ጋሼ?» አለች ልጅቷ በመጋረጃው ጥግ ብቅ ብላ።

«ለማስታወሻ።»

አልዋሸሁም። ማስታወሻነቱ ለስንት ሰው እንደሆነ ብቻ ነው ያልነገርኳት።

መጋረጃው ሲከፈት ኮቴ ገባች። ኮቴ ውስጥ ረጅሙ ልጅ አለ። እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቷል፤ ብር ሲቆጥር አውራ ጣቱን በምላሱ ያረጥባል፤ ጤፍ ሲመዝን ደግሞ ሻጩ ሚዛኑን እንዳያይ ጤና ይጠይቀዋል። «ልጆች ደህና? ከብቶች ደህና? ያቺ ቀይ ላም ወለደች?» ላሟ እስክትወልድ እጁ ሚዛኑ ላይ ነው። እኔ በጤፍ ዘመኔ እንደዚያ አደርግ እንደነበር እስከዚያን ቀን አላውቅም ነበር። ሕዝቡ ግን ያውቅ ኖሯል፤ መድረኩን ትቶ ወደ እኔ ዞረ። ወዲያው ከሁሉም ቀድሜ፣ ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ ሳቅሁ። እንዲህ ባለ ቦታ የሚቆጣ ነጋዴ እኔ ነኝ ብሎ ፈርሟል ማለት ነው።

ታሪኩ ቀላል ነው። ነጋዴው ሲሞት ማን እንደሚያዝንለት ማወቅ ይፈልግና የሞተ መስሎ ይተኛል። ለቀስተኛው ይመጣል፤ ሙሾ ማውረዱን ትቶ ሟቹ ምን ምን እንደወሰደበት ይዘረዝራል። ሬሳው ችሎ ይተኛል። በመጨረሻ ለተዝካሩ ጤፍ ከጎረቤት ነጋዴ ይገዛል። ጎረቤቱ እየመዘነ፣ «ልጆች ደህና? ከብቶች ደህና?» ሲል ሬሳው ብድግ ይልና፣ «ሚዛኑ ጎድሏል» ይላል። ለቀስተኛው ይበረግጋል፣ መጋረጃው ይዘጋል።

ሬሳው ሲነሣ አዳራሹ ጣራው የሚነሣ መሰለኝ። አንዲት አሮጊት ከሳቅ ብዛት ወንበራቸውን ይዘው ወደ ኋላ ተገለበጡ። ያን ጊዜ ሌላው ሱቅ የሌለው ነገር እጄ ውስጥ እንደገባ አወቅሁ።

በሁለት ሳምንት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሜሞሪ ላይ ጫንኩት። ቢቸና ገበያ ላይ ሚዛን በተነሣ ቁጥር አንዱ «ሚዛኑ ጎድሏል» ይላል፤ ሌላው ይስቃል። ለእኔ ለራሴም ሜሞሪ ሊያስጭን የመጣው ሁሉ ካርዷን ተቀብሎ በመዳፉ እየመዘነ እንዲያ ይለኛል። አምስት ብሩን እስከከፈለ ድረስ ታገስኩት።

ስህተቴ ከዚህ በኋላ ነው። ሞጣ ላይ አንድ ወዳጅ ነበረኝ፤ አያቱም አባቱም እዚያው ሞጣ ጨርቅ የሸጡ፣ እሱ ደግሞ እንደ እኔ ወደ ስልክ የዞረ ሙስሊም ነጋዴ። አንድ ካርድ ወረቀት ውስጥ ጠቅልዬ በሹፌር ላክሁለት። ለራሴ የነገርኩት ምክንያት ማስታወቂያ ነው የሚል ነበር። ጤፍ ልትሸጥ ስትሄድ ገዢው እፍኝ ዘግኖ፣ ቀምሶ አይደል የሚከተልህ? ሞጣም ቀምሶ ይመጣል አልኩ። እፍኙን ትቼ ጆንያውን እንዳለ መላኬ አልታየኝም። ለልጅቷም አልነገርኳትም። ለመንገር አመቺ ቀን እየፈለግሁ የጉዞው ቀን ደረሰ።

ቅዳሜ ጠዋት ቅጥቅጡን ተሳፈርን። የኔታ ከሾፌሩ ጎን፣ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው ተቀመጡ። ልጅቷ ከኋላ ሆና የጻፈችውን በከንፈሯ ትደግማለች። ደብረ ወርቅን አልፈን ግንደወይን ስንደርስ ለምሳ ወረድን። የምግብ ቤቱ አሳላፊ ሽሮውን አምጥቶ ሲያስቀምጥ ከእኛ ጠረጴዛ ማዶ ያለ አንድ ሰው የራሱን ሰሃን ዘንበል አድርጎ አየና፣ «ሚዛኑ ጎድሏል» አለ። አሳላፊው ሳቀ። አጠገቡ ያሉት ሳቁ።

የእኛ ልጆች እየታጠቡ ስለነበር አልሰሙም። የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ውጭ ወጥቼ ለሞጣው ወዳጄ ደወልኩ።

«አንተ፣ ያን ነገር ለስንት ሰው ጫንከው?»

«ለመቶ ሰማንያ።»

«ብቻ?»

«እኔ የጫንኩት ነው መቶ ሰማንያ። በብሉቱዝ የሄደውን አላህ ይቁጠረው። ምነው፣ ሌላ አለህ እንዴ? ሰው ክፍል ሁለት እያለ ነው።»

ስልኩን ዘጋሁት። የኔታ የሄዱት ልጃቸውን የማያውቅ ሕዝብ ሊያዩ ነው። እኔ ደግሞ በአምስት አምስት ብር አስተዋውቄያት ጨርሻለሁ። ከግንደወይን እስከ ሞጣ ከማንም ጋር አልተነጋገርኩም። ልጅቷ ሁለት ጊዜ፣ «ጋሼ፣ አመመዎት?» አለችኝ፤ መኪናው ነው አልኳት።

ሞጣ አዳራሹ በር ላይ ሕዝቡ እንደ ንብ ሰፍሮ አገኘነው። ልጆቹ በደስታ ተቃቀፉ። ትኬት የምቆርጠው እኔ ስለሆንኩ ሰው ሲገባ የሚያወራውን እሰማለሁ። «የሚነሣበት ቦታ ላይ እንዳትስቅ፣ አብረን ነው የምንለው» ይባባላሉ። ሁለት መቶ ስልሳ ሰው አስገባሁ። የሞጣው ወዳጄ ከጓደኞቹ ጋር መጥቶ ሙሉ ዋጋ ከፈለ፤ በዚያ ላይ ማረፊያ ወንበር አስቀምጥልኝ አለኝ። የኔታ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ነጠላቸውን አመሳቅለው፣ ጭራቸውን ይዘው ተቀመጡ።

ተጀመረ። ረጅሙ ልጅ በኮቴ ገና ብቅ ሲል ሳቅ ሆነ። «ልጆች ደህና?» ሊል አፉን ሲከፍት አንድ ሰው ከኋላ ቀድሞ አለው። ልጁ ደንገጥ አለና፣ «ከብቶች ደህና?» ሲል የግራው ረድፍ በሙሉ አብሮት አለ። ቀይዋን ላም ያስወለዳት ሕዝቡ ነው። ሳቁ ብዙ ነበር፣ ግን ቢቸና ላይ እንደሰማሁት አይደለም። ቀልዱ ገና ሳይደርስ ይሳቃል፤ ቀልዱ ሲደርስ የሚስቅ የለም። ሁለቱ ለቀስተኞች መድረክ ላይ ተያዩ።

የኔታ በጭራቸው ጠቀሱኝ። በሩን ትቼ አጠገባቸው ጎንበስ አልኩ።

«ይህ ሕዝብ ልጄን ያውቃታል እንዴ?»

«ኧረ የኔታ፣ በመልክ አያውቋትም።»

«ታዲያ የጻፈችውን ከተጫዋቾቹ አፍ ቀድመው እንዴት ይናገሩታል?»

«የሞጣ ሰው ብልህ ነው።»

የኔታ አላዩኝም፤ መድረኩን ነው የሚያዩት። «እኔ ጋ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ትናንት የተባለ ቅኔ ይዞ የመጣ ተማሪ ከደጅ ቆሞ ይውላል። ሌላ ሰው ያለውን መልሶ ያለ ደግሞ ወደ አገሩ ይሄዳል። ልጄ ያደረ ቃል ልታሳየኝ ነው ሞጣ ድረስ ያመጣችኝ?»

ነገሩ እንዲህ ነው የኔታ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት ነበረብኝ። «ይሞቃል መሰለኝ፣ መስኮት ልክፈት» አልኩና ወደ በሬ ተመለስኩ።

መጨረሻው ደረሰ። ሬሳው ተኝቷል። ጎረቤቱ ሚዛኑን አነሳ። «ልጆች ደህና? ከብቶች ደህና?» ከማለቱ ሁለት መቶ ስልሳ ሰው በአንድ አፍ፣ «ሚዛኑ ጎድሏል» አለ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

ሬሳው አልተነሣም። ምን ብሎ ይነሣ? የሚለው ተብሏል። አንድ ዓይኑን በትንሹ ገልጦ ወደ መጋረጃው አየና መልሶ ጨፈነ። ሳቁ እየቀዘቀዘ ሄደ። አንዱ አፏጨ። የኔታ መቋሚያቸውን ጨብጠው ከወንበራቸው እየተነሡ ነበር።

ያን ጊዜ ልጅቷ ከመጋረጃው ጀርባ ወጣች። የእሷ ቦታ እዚያ ላይ አልነበረም፤ በጽሑፉ መድረክ ላይ ጨርሶ አትወጣም። መሀል ላይ ቆመች። 

«ሬሳው ዛሬ አይነሣም። የሚነሣበት ቃል ተሰርቋል።»

ያፏጨው ሰው ጣቱን ከአፉ አወጣ።

«ቃሉ ከቢቸና የተነሣው ዛሬ ጠዋት ከእኛ ጋር ነው። ከእኛ ቀድሞ ሞጣ ገብቶ አገኘነው። ከብት ሲጠፋ የአገራችን ደንብ ምንድን ነው አባቶች?»

ከፊት ረድፍ አንድ ሽማግሌ፣ ከልጅቷ ጋር ተማክረው የመጡ ይመስል፣ በዱላቸው ወለሉን መታ አድርገው፣ «አውጫጭኝ ነዋ» አሉ።

አውጫጭኝ በእኛ አገር የታወቀ ነው። ከብት ሲነዳ፣ ጎተራ ሲዘረፍ ያገሩ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል። ሌባው በስሙ እስኪወጣ ድረስ ቢርበው፣ ቢዘንብበት ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም።

«እንግዲያው ተቀመጡ» አለች ልጅቷ። «በሩን ዝጉልኝ ጋሼ።»

በሩን በገዛ እጄ ዘጋሁት። ማምለጥ እችል ነበር፤ የበሩ ገንዘብ ግን ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ነው። የኔታም ተመልሰው ተቀመጡ።

ልጅቷ መጀመሪያ የጠቆመችው አንድ ሲያፏጭ የነበረ ጎረምሳ ነው።

«አንተ ወንድሜ፣ ቃሉን ከየት ሰማኸው?»

«ከስልኬ።»

«ስልክህ ከየት ሰማው?»

ሰው ሳቀ። ልጁ አንገቱን እያሻሸ፣ «ከእህቴ በብሉቱዝ ተቀብዬ ነው» አለ።

እህቱ ሁለት ረድፍ ወደፊት ተቀምጣ ኖሯል፤ ዘወር ብላ፣ «አንተ ከሃዲ፣ ሙሉ ቀን ስልኬን ሰርቀህ አይደል የወሰድከው?» አለችው። ሽማግሌው በዱላቸው ወለሉን መቱ። «አንቺ ደግሞ ከማን?» እሷ ከሹሩባ ሠሪዋ። ሹሩባ ሠሪዋ ተነሥታ፣ እኔ ብሩን ከፍዬ ነው ያመጣሁት፣ ሌባ አትበሉኝ አለች። ማን ገዛልሽ ቢሏት ወደ ባልዋ ጠቆመች። ባልዋ ጸጉር ቆራጭ ነው፤ ደንበኛ ወንበር ላይ ሲቀመጥ እንዳይሰለቸው ቀኑን ሙሉ እንደሚከፍተው አመነ። እሱ ሲያምን አሥር ሰው፣ እኛም እዚያ ነው ያየነው ብሎ አመነ። ሰው ለመናዘዝ መሽቀዳደም ጀመረ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ይጨምርበታል፣ ያልተጠየቀውም ተነሥቶ ይመሰክራል። መድረኩ ላይ የቀረው ሬሳው ብቻ ነው። ቲያትሩ ወደ ወንበሮቹ ወርዷል።

በስተመጨረሻ ጸጉር ቆራጩ ወደ ወዳጄ ጠቆመ። ወዳጄ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ኮፍያውን አስተካከለ፤ ለሽማግሌው ጎንበስ አለ።

«አባባ፣ እኔ ነጋዴ ነኝ። ከመጣልኝ እሸጣለሁ። ላኪውን ካላችሁኝ ሩቅ አይደለም።»

«የት ነው ያለው?»

«በሩን የዘጋው እሱ ነው።»

እንዲህ አድርጎ ሰው የሚሸጥ ነጋዴ ሞጣ እንዳለ አላውቅም ነበር። ሁለት መቶ ስልሳ ፊት ወደ እኔ ዞረ። እኔ ግን ያየሁት የልጅቷን ነው። አልተቆጣችም፤ «ይምጡ ጋሼ» አለችኝ፣ ቤቷ እንደምትጠራኝ እንግዳ።

መድረክ ላይ ወጣሁ። ከታች ሆኖ ሲታይ ዝቅ ያለ ነው፤ ሲወጡበት ግን ይረዝማል።

«ምን ይላሉ?» አሉ ሽማግሌው።

«ማስታወቂያ ነው አባባ። ሰው ሰምቶ እንዲመጣ ብዬ ነው። ይኸው መጥቷል።»

አንዲት ሴትዮ ከመሀል፣ «ማስታወቂያ በአምስት ብር ነው እንዴ የሚሸጠው? እኛ እኮ የቀበሌውን በነፃ ነው የምንሰማው» አሉ።

«ለሜሞሪው ማስጫኛ ነው እሜቴ።»

«ለልጆቹስ ከአምስቱ ስንት ሰጠሃቸው?»

 ሒሳቡን በጣቴ ስቆጥር ሬሳው ከተኛበት ተናገረ። ዓይኑን ሳይገልጥ፣ እጁን ደረቱ ላይ እንዳጣመረ፣ «ጋሼ፣ ቦታ እንለዋወጥ» አለ።

አዳራሹ ፈረሰ። ይህ ቃል ሜሞሪ ላይ የለም፤ ማንም ቀድሞ ሊለው አልቻለም። ቢቸና ላይ የሰማሁት ሳቅ ተመልሶ መጣ፣ ያውም እጥፍ ሆኖ። ረጅሙ ልጅ ተነሣ፣ ኮቴን አውልቆ አለበሰኝ፣ ክንዴን ይዞ አልጋው ላይ አጋደመኝ። እኔም ሞትኩ።

ሞቶ መተኛት የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። ዓይን ጨፍኖ ሰው ሲያወራብህ መስማት ነው። የሞጣ ሰው አንድ ባንድ እየወጣ አለቀሰልኝ። ከስድስት ዓመት በፊት የሸጥኩለት ባትሪ በሦስተኛው ቀን የሞተበት ሰው መጣ። ከጤፍ ዘመኔ የቀረ ገበሬ ሳይቀር መጣ፤ ቀይ ላሙን ጠርቶ አለቀሰ። አፍንጫዬ ላይ ዝንብ ስታርፍ እንኳ አልተነቃነቅሁም። ሥራዬን ተያይዤዋለሁ።

ከዚያ ልጅቷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ራስጌዬ ቆመች። ሙሾ አወረደች። ጽሑፏ ላይ ያልነበረ፣ እዚያው እንደቆመች የመጣላት ነው።

«አምስት ብር ተቀብሎ ሳቄን የሸጠብኝ፣
እንባዬንም ሳይሸጥ ቶሎ ቅበሩልኝ።»

 ከሦስተኛው ረድፍ አንድ ቃል መጣ፤ ዝቅ ያለ፣ የአዛውንት ድምፅ።

«ይበል።»

ቅኔ ቤት ያልዋለ ሰው ይህ ምን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል። ተማሪ አዲስ ቅኔ አምጥቶ ሲዘርፍ፣ መምህሩ ደስ ካለው የሚለው ይህንኑ ብቻ ነው። የኔታ በዚህ ቃል ስስታም ናቸው፤ ሦስት ዓመት ተቀምጦ አንዴም ሳይሰማት የተመለሰ ተማሪ አውቃለሁ። ልጅቷ ከአጥር ውጭ ሆና ስትሰማው ነው ያደገችው፤ ለእሷ ተብሎ አያውቅም። እኔ ሬሳ ስለሆንኩ ዓይኔን ገልጬ ፊቷን ማየት አልቻልኩም። እስትንፋሷ ሲቆረጥ ብቻ ሰማሁ።

ፍርዱን የሰጡት ሽማግሌው ናቸው። ሟቹና ግብረ አበሩ የሸጡትን እያንዳንዱን አምስት ብር ለልጅቷ ከፍለው ሟቹ ይነሣ አሉ።

«ስንት ይሆናል?» አልኩ ከተኛሁበት።

ይህን ቀልድ ብዬ አልነበረም የጠየቅሁት፤ ሰው ግን ከወንበሩ ወደቀ። ወዳጄ እዚያው ዘጠኝ መቶ ብር ቆጥሮ መድረኩ ላይ አኖረ። እኔ አውራ ጣቴን በምላሴ አርጥቤ አንድ ሺህ ስልሳ ቆጠርኩ፤ ጣቴን በማርጠቤ እንደገና ተሳቀ። ተነሣሁ። መጋረጃው ተዘጋ።

ውጭ የኔታን መኪናው ጥላ ሥር ቆመው አገኘኋቸው። ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ አፌ ላይ የመጣው ሌላ ነው።

«የኔታ፣ ታዲያ ፈቀዱ ማለት ነው?»

«ዛሬ ያደረገችውን ነገ ትደግመዋለች?»

«አትደግመውም። እሷ ራሷ እንዴት እንዳደረገችው የምታውቅ አይመስለኝም።»

«እንግዲያ ትሂድ» አሉ። መቋሚያቸውን ወደ እግሬ ጠቁመው፣ «አንተ ግን ሬሳ ሆነህ እግርህን ታወዛውዛለህ» አሉኝ።

ልጅቷ ዕቃ ስትጭን አጠገቧ ሄድኩ። «ከግንደወይን ጀምሮ ዝም ሲሉ ጠርጥሬዎት ነበር» አለችኝ። «ጋሼ መቼም አይታመሙም፣ ምግብ በነፃ ሲሆን ደግሞ ጨርሶ።»

«ሌባውን ካወቅሽ አውጫጭኙን ምን አስጠራሽ?»

«ቲያትሩን በምን ልቀጥለው? ሬሳው አልነሣም አለኝ።»

ከመሳፈራችን በፊት አንድ ነገር ማጣራት ነበረብኝ። ወዳጄን ጠጋ ብዬ፣ የዛሬውን የቀረፀ ሰው አለ ወይ አልኩት። ጠይቆ ተመለሰ። የለም። አውጫጭኙ ሲጀመር ስልክ የያዘ ሁሉ፣ ቲያትሩ አለበትና እንዳይያዝበት ብሎ ኪሱ ከቶታል። ሁለት መቶ ስልሳ ስልክ በነበረበት አዳራሽ አንድም ሰው አልቀረፀም። በሕይወቴ ጥሩ ዕቃ እጄ ላይ ሆኖ ሳይሸጥ የቀረው ያ ብቻ ነው።

በወሩ ልጅቷ ባሕር ዳር ሄደች። ከሜሞሪው የተከፈለውን ገንዘብ ለቤት ኪራይ ይዛው ሄደች፤ ገብቶ የወጣ ስለሆነ ሒሳብ ውስጥ አላገባሁትም። ቢቸና ከበር የገባው አንድ ሺህ ሰባት መቶ ሃምሳ፣ ሞጣ ከበር የገባው ሁለት ሺህ ስድስት መቶ፤ ድምሩ አራት ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ ብር። ጉድለት ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ብር።